መስታወቱን የተካልኝ ድረ ገጽ፦ ለፎቶ ባለሙያዎች

ፒያሳ ሳለሁ ፎቶ ቤቴ መንገድ ዳር ነበር። መስታወቱ ላይ 12 ፎቶ እሰቅላለሁ። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል፣ ከዚያ ገባ ይልና በጣቱ እያሳየ «እንደዚህኛው አንሺኝ» ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግን አላፊ አግዳሚ የለም። ድረ ገጼን የሠራሁት ያንን መስታወት እንዲተካልኝ ነው።

ከሁሉ በፊት የድረ ገጹን አድራሻ በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ። የመጀመሪያውን የሠራልኝ ልጅ አድራሻውን ያወጣው በራሱ ኢሜይል ነበር። ልጁ አገር ሲቀይር ዓመታዊው ክፍያ አለፈ፣ ገጹም ጠፋ። የይለፍ ቃሉ እጄ ላይ ስላልነበረ ማስመለስ አልቻልኩም፤ በየአልበሙ ጀርባ ያሳተምኩት አድራሻም እንዲሁ ቀረ። በዶት ኮምም ሆነ ኢትዮ ቴሌኮም በሚያስተዳድረው ዶት ኢቲ ብታወጡት ችግር የለውም፤ ኢሜይሉ ግን የእናንተ ይሁን። ገጹን በዎርድፕረስ ወይም በሌላ ዝግጁ ቅርጽ ሥሩት፣ በመልኩ ብዙ አትጨነቁ።

ፎቶ ስትመርጡ ጨክኑ። እኔ መጀመሪያ 180 ፎቶ ጭኜ ነበር፣ አሁን ያለው 26 ነው። አንዱን ፎቶ ከማስገባቴ በፊት «ደንበኛ ይህን በጣቱ ነክቶ ‹እንደዚህ› ይለኛል ወይ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንዲት ፎቶ አለችኝ። ሙሽራዋ ተንበርክካ የአያቷን ጉልበት ስትስም ነው። የአያትየው እጅ ትከሻዋ ላይ አርፏል፣ የነጠላቸው ጥለት ቬሎው ላይ ወድቋል፣ የሁለቱም ፊት በደንብ አይታይም። ከእሷ ይልቅ ያሸበረቁ የፓርክ ፎቶዎች ሞልተውኛል፤ ደውለው የሚጠይቁኝ ግን ስለዚህችው ነው። ከነጠላ ፎቶዎቹ ሌላ አንድ ሙሉ ሰርግ፣ ከጠዋቱ የሙሽራ ቤት እስከ ማታው አዳራሽ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ፓርክ ውስጥ በጠራራ ብርሃን ብዙ ሰው አሳምሮ ያነሳል። ቤተሰብ ማየት የሚፈልገው መብራቱ በቀነሰ አዳራሽ ውስጥ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ነው። ምርቃት፣ ክርስትናና የዕቃ ፎቶ ለየብቻቸው ይሁኑ።

ከካሜራ የወጣ ፎቶ 10 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ደንበኛችሁ ደግሞ ገጹን የምትከፍተው ታክሲ ውስጥ ሆና፣ በገዛችው የዳታ ጥቅል ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ረጅሙን ጎን 1600 ፒክስል፣ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (ለድረ ገጽ የተለመደው የቀለም ዓይነት) አድርጉ፣ የፋይሉንም መጠን ከ300 ኪሎባይት እንዳያልፍ ገድቡት። እንዲህ ሲሆን 26ቱም ፎቶዎች ተደምረው 8 ሜጋባይት አይሞሉም። ከዚያ ዋይፋይ ዘግታችሁ በስልክ ዳታ ክፈቱት። ጉግል ጥሩ ነው የሚለው ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው።

ዋጋ ጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ገጽ ደንበኛ ያሸሻል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ራሴ ስገዛ እንደዚያ ያለውን አልፌ ነው የምሄደው። ሙሉውን መዘርዘር ካልፈለጋችሁ «ከዚህ ብር ጀምሮ» በሉ። ሥሩ ላይ በኋላ የሚያጨቃጭቀውን ሁሉ አስፍሩ፦ ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ ስንት ፎቶ ኤዲት ተደርጎ እንደሚሰጥ፣ አልበሙ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ሰርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ። እኔ ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ካልገባልኝ ቀን አልይዝም፣ ይህንንም ገጹ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሰርግ ወቅት ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት አንድ ቅዳሜ በከንቱ ሲያልፍ ያማል።

አሁን ደግሞ ስለ ቀጠሮ ቅጹ፣ ምክንያቱም በጣም የጎዳኝ እሱ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የቤተሰብ ፎቶ እንዳነሳቸው ቅጹን ሞላ። ቀኑን «5/9» ብሎ ጻፈ፣ እኔም ግንቦት 5 ብዬ ያዝኩ። እሱ ግን በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ሜይ 9 ማለቱ ነበር፤ ያ በእኛ ግንቦት 1፣ ልደታ ነው። የልደታ ዕለት ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ንፍሮ ቀርቦልን እንደተቀመጥን ስልኬ ጠራ። «እህቴ፣ የት ደረስሽ? እማዬ ለብሳ እየጠበቀችሽ ነው።» ካሜራዬ ያለው ቢሮ ነው። ይዤ ስደርስ እናትየው ደክሟቸው ተኝተዋል፣ ከክፍለ ሀገር የመጡት እህታቸውም አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሄደዋል። በማግስቱ ያለ ክፍያ አነሳኋቸው። እህትየው ግን ፎቶው ላይ የሉም።

ስለዚህ ቅጹ ላይ ቀን በቁጥር ብቻ አታስጽፉ። ወሩ በስሙ ይመረጥ፣ ከጎኑ የፈረንጆቹ ቀን ይታይ፣ ሰዓቱም ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ይለይ። የውጭ አገር ሰው «3 ሰዓት» ሲል ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። እኔ ቀብድ ስቀበል እንዲህ ብዬ መልእክት እልካለሁ፦ «ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ትክክል ነው?» ቅጽ መሙላት የማይወድም ብዙ ነው፤ በየገጹ ግርጌ የስልክና የቴሌግራም ቁልፍ አድርጉ።

ሰው ሲፈልግ «ሰርግ»ም «ሠርግ»ም ብሎ ይጽፋል፤ «ፎቶ ቤት»፣ «ፎቶግራፈር»፣ «ፎቶ አንሺ» የሚልም አለ። ሁሉንም በየቦታው በጽሑፋችሁ ውስጥ ተጠቀሙባቸው፣ ለዲያስፖራውም አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ጨምሩ። ጉግል ካርታ ላይ የንግድ ቦታችሁን በነፃ አስመዝግቡ። አድራሻ ስትጽፉ የመንገድ ስም ብቻ አይበቃም፤ የእኔ «ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ» ነው የሚለው፣ የደረጃው መግቢያም ፎቶ አብሮ አለ።

ፈቃድም አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ውላችሁ ላይ ስለዚህ ራሱን የቻለ መስመር ይኑር። ያቺን የጉልበት መሳም ፎቶ ከመጫኔ በፊት ሙሽራዋ ብትፈቅድልኝም አያቷ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ስልኬን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ለእኔስ አንድ አታወጪልኝም?» አሉኝ። አሳጥቤ ወሰድኩላቸው።

ሁሉ ሲያልቅ ስልካችሁን ለጎረቤት ወይም ለአክስታችሁ ስጡና «የሰርግ ዋጋዬን ፈልጊልኝ» በሏት፣ ምንም ሳትናገሩ ጣቷን ተከታተሉ። እናቴ መጀመሪያ የነካችው ፎቶውን ነበር። አሁን ፎቶው ሲነካ ዋጋው ይከፈታል።