«ንጽህና 98%» የሚል የፔፕታይድ ብልቃጥ እጅ ሲገባ፦ ንጽህናን፣ ማንነትንና መጠንን ማረጋገጥ

ብልቃጡ ላይ «ንጽህና 98%» ተብሎ ሲጻፍ ቀድሞ የሚጠየቀው «የምኑ 98 ከመቶ?» የሚለው ነው። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኤችፒኤልሲ (ድብልቅን በኮለም ውስጥ እያሳለፈ የሚለይ መሣሪያ) ካለፉትና አልትራቫዮሌት ብርሃን ከመጠጡት ነገሮች ውስጥ ትልቁ ፒክ (ግራፉ ላይ የሚታየው ጉብታ) ከጠቅላላው ስፋት ስንት ከመቶውን እንደያዘ። ያ ፒክ የታዘዘው ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲዶች አጭር ሰንሰለት) ስለመሆኑ ምንም አይልም። ከነጩ ዱቄት ስንቱ ፔፕታይድ፣ ስንቱ ጨውና ውሃ እንደሆነም አይልም። ንጽህና፣ ማንነትና መጠን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱን መልስ ለሌላው መዋስ ነው ብዙ ሙከራ የሚያበላሸው።

እዚህ ሥራውን በአንጂዮቴንሲን 2 ላይ እንከተላለን። የደም ሥርን አጥብቦ የደም ግፊትን የሚያሳድግ፣ ስምንት አሚኖ አሲዶች ያሉት ሆርሞን ነው። የሰው ዓይነቱ ቅደም ተከተል አስፓርቲክ አሲድ፣ አርጂኒን፣ ቫሊን፣ ታይሮሲን፣ አይሶሉሲን፣ ሂስቲዲን፣ ፕሮሊን፣ ፌኒልአላኒን ነው። አጭር በመሆኑ ስሌቱ በእጅ ይሠራል፤ ረጃጅሞቹን የሚያጠቁት ስህተቶችም በአብዛኛው እሱ ላይ ይታያሉ።

ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ብሩስ ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ባስተዋወቀው፣ በ1984 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ዘዴ ሰንሰለቱ ሬዚን በተባለ ጠጣር እንክብል ላይ ተተክሎ ከመጨረሻው አሚኖ አሲድ ወደ መጀመሪያው ያድጋል። በእኛ ምሳሌ መጀመሪያ የሚተከለው ፌኒልአላኒን ነው፤ መጨረሻ የሚጨመረው አስፓርቲክ አሲድ። እያንዳንዱ ማያያዣ ደረጃ 99% ቢሳካ እንኳ ከሰባት ደረጃ በኋላ ትክክለኛው ሰንሰለት 93% ገደማ ብቻ ይሆናል። 30 አሚኖ አሲድ ላለው ደግሞ ወደ 75% ይወርዳል። የቀረው አንድ አሚኖ አሲድ የጎደለው ወይም ጠባቂ ቡድኑ (በሥራው ጊዜ ጎኑን እንዲሸፍን የተለጠፈበት ክፍል) ያልወለቀለት፣ ከእውነተኛው ጋር በጣም የሚመሳሰል ዘመዱ ነው።

ናሙናውን ማዘጋጀት

ከፍሪዘር የወጣ ብልቃጥ ወዲያው አይከፈትም። በቅዝቃዜ የደረቀ ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ እንደተዘጋ ቢያንስ 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ይቆይ። ከዚያ 0.01 ሚሊግራም በሚያነብ ሚዛን ወደ 1 ሚሊግራም መዝነው በ1 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ ያሟሙ። አንጂዮቴንሲን 2 በውሃ ይሟሟል። ውሃ የማይወድ ፔፕታይድ ከሆነ ጥቂት አሴቶናይትራይል ይጨመርለታል፤ አሲድነቱ ለሚያመዝነው ደግሞ ጥቂት የተበረዘ አሞኒያ። ሜቲዮኒን ወይም ሲስቲን ያለበትን ዲኤምኤስኦ በተባለ ፈሳሽ ማሟሟት ኦክሲዴሽን ስለሚጋብዝ ቢቀር ይሻላል።

የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይጠቀሙ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፔፕታይድ በጣም ሲበረዝ መስታወት ላይ ይለጠፋል። የናይለን ማጣሪያም ፔፕታይድ ስለሚያስቀር፣ ደለል ካለ ከማጣራት ይልቅ በ10,000 ጂ ለ5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርገው የላይኛውን መቅዳት ይመረጣል።

ንጽህና በኤችፒኤልሲ

ሲ18 ኮለም (ውሃ የማይወዱትን ይዞ የሚያዘገይ ቱቦ)፣ 4.6 በ150 ሚሊሜትር፣ ለአጫጭር ፔፕታይዶች ቀዳዳው ከ100 እስከ 120 አንግስትሮም፣ ለረጃጅሞቹ 300 አንግስትሮም። ፈሳሽ «ሀ» ውሃ ከ0.1% ቲኤፍኤ (ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ) ጋር፣ ፈሳሽ «ለ» አሴቶናይትራይል ከ0.1% ቲኤፍኤ ጋር። ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሚሊሊትር፣ ዲቴክተሩ 214 ናኖሜትር ላይ። ይህ ሞገድ የሚመረጠው የፔፕታይድ ትስስር ራሱ እዚያ ላይ ብርሃን ስለሚመጥጥ ነው። በ280 ናኖሜትር ብቻ የተሠራ የንጽህና ቁጥር አይታመንም፤ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የሌለበት ቆሻሻ እዚያ ላይ ጨርሶ አይታይም።

መጀመሪያ ውሃ ብቻ ያስገቡ። በዚህ ብላንክ ላይ የሚታይ ፒክ ሁሉ የመሣሪያው እንጂ የናሙናው አይደለም። ቀጥሎ 10 ማይክሮሊትር ናሙና አስገብተው «ለ»ን በ30 ደቂቃ ከ5% ወደ 65% ያሳድጉ። ይህ ሰፊ ቅኝት ዋናው ፒክ በስንት ከመቶ «ለ» ላይ እንደሚወጣ ይነግራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ማቆም ግን የለበትም። በደቂቃ 2% የሚያድግ ግራዲየንት (የ«ለ» ድርሻ ጭማሪ) ዘመዳሞቹን ጨፍልቆ አንድ ፒክ ያስመስላቸዋል። ፒኩ ከወጣበት 10% ዝቅ ብለው ጀምረው 10% ከፍ እስኪል ድረስ በደቂቃ 0.5% ብቻ እያሳደጉ ድጋሚ ያሂዱ። በመጀመሪያው ላይ 99% የነበረው ትከሻ አውጥቶ ወደ 95% ሲወርድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ናሙናውን በግማሽ በርዞ ደግሞ ማስገባትም ይረዳል፤ ዲቴክተሩ ጣሪያ ሲነካ የፒኩ አናት ጠፍጣፋ ይሆንና የዋናው ድርሻ ከእውነቱ ያነሰ ይታያል፣ ኮለሙ ራሱ ሲጨናነቅ ደግሞ ፒኩ ሰፍቶ ጎረቤቱን ይውጣል።

ስፋት ሲሰላ 1.6 ደቂቃ አካባቢ የሚወጣው የመግቢያ ፒክ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በብላንክ ላይ ካልታየ በስተቀር ሁሉም ይቆጠራል። ትንንሾቹን «ጫጫታ ነው» ብሎ መሰረዝ ቁጥርን ማሳመር ነው።

ለአስፈላጊ ናሙና ሁለተኛ፣ ባሕርዩ የተለየ ዘዴ ይጨመር፦ ከፍ ያለ ፒኤች በሚችል ኮለም ላይ 10 ሚሊሞላር አሞኒየም ባይካርቦኔትና አሴቶናይትራይል። በአሲድ ተደራርበው የወጡ ሁለት ነገሮች ቻርጃቸው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

አንድ የቦታ ጉዳይ፦ አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ፓምፑ ፈሳሽ ሲስብ አረፋ መፈጠሩም ይቀላል። የፈሳሽ ጠርሙሶቹን ከፓምፑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የጋዝ ማስወገጃውን ሳያጠፉ መሥራት የሚወዛወዘውን ቤዝላይን (የግራፉን መነሻ መስመር) ያረጋጋል።

ማንነት በማስ ስፔክትሮሜትሪ

ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውልን በክብደቱ ይለያል። የአንጂዮቴንሲን 2 ሞኖአይሶቶፒክ ማስ (እያንዳንዱ አቶም በብዛት በሚገኘው አይሶቶፑ ሲቆጠር ያለው ክብደት) 1045.534 ዳልተን ነው። መሣሪያው የሚያነበው ግን ማሱን ለቻርጁ አካፍሎ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቻርጅ አንድ ፕሮቶን (1.00728) እየደመሩ በቻርጁ ማካፈል ነው። አንድ ቻርጅ ሲኖረው 1046.54፣ ሁለት ሲኖረው 523.77፣ ሦስት ሲኖረው 349.52 ላይ ይጠበቃል። ቢያንስ ሁለቱ አብረው ሲታዩ መልሱ ይጠናል። የምስክር ወረቀት ላይ 1046.2 የሚል ካዩ እሱ አማካይ የሞለኪውል ክብደት ነው፤ ከሞኖአይሶቶፒኩ ጋር አያምታቱት።

ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ሲሠራ ቲኤፍኤ ሲግናሉን ስለሚያዳክም በ0.1% ፎርሚክ አሲድ ይተኩት። ያን ጊዜ የፒኮቹ መውጫ ሰዓት፣ አንዳንዴም ተራቸው ይቀየራል፤ ሁለቱን ክሮማቶግራም (የኤችፒኤልሲ ግራፍ) በሰዓት ብቻ ማመሳሰል ያሳስታል።

ከሚጠበቀው ማስ የሚታዩ ልዩነቶች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። 21.98 መጨመር ሶዲየም ነው፣ 37.96 ፖታሲየም፤ ሁለቱም ቆሻሻ ፔፕታይድ አይደሉም። 56.06 ከታይሮሲን ወይም ከአስፓርቲክ አሲድ ያልወለቀ ቴርት-ቡቲል የተባለ ጠባቂ ቡድን ነው። 242.11 ሂስቲዲን ላይ የቀረ ትሪቲል፣ 252.08 አርጂኒን ላይ የቀረ ፒቢኤፍ። 42.01 የአሴቲል ክዳን ነው፤ ማያያዙ ሳይሳካ ቀርቶ ሰንሰለቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ሜቲዮኒን ባለበት 15.99 ሲጨመር ኦክሲዴሽንን፣ አስፓራጂን ባለበት 0.98 ሲጨመር ዲአሚዴሽንን ይጠርጥሩ።

በተለይ 115.03 የጎደለበትን፣ ማለትም 931.51 ላይ የሚታየውን ይከታተሉ። አስፓርቲክ አሲዱ የቀረበት ሰንሰለት ነው። ያ ሰንሰለት አንጂዮቴንሲን 3 ይባላል፤ እሱም ራሱ ተቀባዮቹን የሚያነቃቃ ሆርሞን ነው። ሕዋሱ ምላሽ ሲሰጥ የትኛው እንደሠራ ስለማይታወቅ «2% ቆሻሻ ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ አይሠራም። ሆኖም ቮልቴጁ ሲበዛ ደህናው ፔፕታይድም መሣሪያው ውስጥ ተሰብሮ ይኸንኑ 931.51 ይሰጣል። መለያው ሰዓቱ ነው፤ ከዋናው ፒክ ጋር በአንድ ቅርጽ ከወጣና ቮልቴጁ ሲቀነስ ከጠፋ ስብራት ነው፣ በራሱ ሰዓት ከወጣ ቆሻሻ ነው።

ሌላው ወጥመድ የሰንሰለቱ ጫፍ ነው። አሲድ የታዘዘው በአሚድ ተሠርቶ ከመጣ ልዩነቱ 0.98 ዳልተን ብቻ ነው። በሁለት ቻርጅ ሲታይ 523.77 መሆን የነበረበት 523.28 ይሆናል፤ የአሚዱ ሁለተኛ አይሶቶፕ ደግሞ 523.78 ላይ ይወድቃል። ተራ ኳድሩፖል (ዝቅተኛ ጥራት ያለው የማስ መለኪያ) የያዘ ሰው በቀላሉ ያሳልፈዋል። ከፍተኛ ጥራት ባለው መሣሪያ ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት) ያልበለጠ ስህተት፣ በዚህ ማስ ላይ 0.005 ዳልተን ገደማ፣ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ማሱ ልክ ሆነ ማለት ቅደም ተከተሉ ልክ ሆነ ማለት አይደለም። ስምንቱ አሚኖ አሲዶች ቢዘበራረቁም ድምራቸው ያው ነው። ስለዚህ 523.77ን ለይተው ይስበሩት። ከፊት የሚቆጠሩት የ«ቢ» ስብርባሪዎች 272.14፣ 371.20፣ 534.27፣ 647.35 እና 784.41 ናቸው፤ ከኋላ የሚቆጠሩት የ«ዋይ» ስብርባሪዎች 166.09፣ 263.14፣ 400.20 እና 513.28። ሰንሰለቱ ከፕሮሊን በፊት መሰበር ስለሚቀናው 784.41 እና 263.14 ጎልተው መውጣት አለባቸው። በ534.27 እና በ647.35 መካከል ያለው 113.08 አምስተኛው ቦታ ላይ ያለው ነው። የከብት አንጂዮቴንሲን እዚያ ቦታ ቫሊን ስላለው 99.07 ይሰጣል፤ ሁለቱን አሳስቶ መላክ አለ።

113.08 ግን ሉሲንም ይሁን አይሶሉሲን አንድ ነው። የግራና የቀኝ ቅርጽም በማስ አይለይም፤ ሂስቲዲን ደግሞ ሲያያዝ ቅርጹ ከሚገለበጥባቸው ዋነኞች አንዱ ነው። ለሁለቱም መፍትሔው ናሙናውን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አየር በሌለበት ቱቦ ለ24 ሰዓት መበታተን፣ ከዚያ የግራና የቀኝ ቅርጾችን ለይቶ ለማየት ከሚያስችለው ከማርፌይ ሪኤጀንት ጋር በ40 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አዋህዶ በ340 ናኖሜትር መለየት ነው። አሲዱ ራሱ ጥቂት ስለሚገለብጥ የታወቀ መመዘኛ ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ ያለ እሱ የሚገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም።

መጠን

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳው። በቲኤፍኤ የተጣራ ፔፕታይድ በእያንዳንዱ ቤዝ ቦታው ላይ እስከ አንድ ቲኤፍኤ ይሸከማል። አንጂዮቴንሲን 2 ሦስት አለው፦ የፊት ጫፉ፣ አርጂኒንና ሂስቲዲን። ሦስቱ ቢሞሉ 342 ይጨመራል፤ 1046.18 ለ1388.24 ሲካፈል 75% ይሆናል። ውሃው ሳይቆጠር ከ10 ሚሊግራም ዱቄት 7.5 ሚሊግራሙ ብቻ ፔፕታይድ ነው ማለት ነው። ንጽህናው 99% ቢሆንም ይህ አይለወጥም። ሳያስቡበት 1 ሚሊሞላር ብለው የሠሩት በእውነት 0.75 ነው፤ የመድኃኒት ምላሽ ኩርባውም በዚያው ልክ ይዛነፋል።

ታይሮሲን ወይም ትሪፕቶፋን ካለ ፈጣኑ መለኪያ 280 ናኖሜትር ነው። የአንድ ታይሮሲን ሞላር አብዞርባንስ 1490 ገደማ ነው። በሚሊሊትር 0.25 ሚሊግራም መዝነው በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 0.25 ካነበቡ 0.168 ሚሊሞላር፣ ማለትም 0.176 ሚሊግራም ፔፕታይድ አለ፤ ከተመዘነው 70%። ከ75 የጎደለው በአብዛኛው ውሃ ነው። ፒኤቹ ወደ 10 ከተጠጋ የታይሮሲን ንባብ ይዛባል። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛነት ከተፈለገ በኖርሉሲን መመዘኛ የአሚኖ አሲድ ትንተና ይሠራል። ትሪፕቶፋን በአሲዱ እንደሚጠፋ፣ አስፓራጂንና ግሉታሚን ወደ አሲዶቻቸው እንደሚለወጡ ግን መታወቅ አለበት።

የአምራቹን ወረቀት ሲያነቡ የምድብ ቁጥሩ ከብልቃጡ ጋር መመሳሰሉን፣ ሞገዱና ግራዲየንቱ መጻፉን፣ የማስ ስፔክትረሙ የተለካ እንጂ የተሰላ ቁጥር ብቻ አለመሆኑን ይዩ። «ንጽህና በማስ 98%» የሚል ካለ ሌላውንም አይመኑት፤ ሁሉም ሞለኪውል እኩል አይዮናይዝም። የሁለት ምድቦች ክሮማቶግራም እስከ ትንንሽ ፒኩ አንድ ከሆነ ጥሬ ፋይሉን ይጠይቁ።

ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱም ናሙናው ከባክቴሪያና ከኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) ነፃ መሆኑን አያሳይም። ለሕዋስ ሥራ ኢንዶቶክሲንን የሚለካው የኤልኤኤል ምርመራ ለብቻው ይሠራል። ለምርምር ብቻ የተባለ ብልቃጥ ደግሞ ሁሉንም ቢያልፍ ሰው ላይ የሚወጋ አይደለም።

ምርመራውን ያለፈውን ምድብ በ0.1 ሚሊግራም ከፋፍለው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ ከአንዱ ክፍል በየስድስት ወሩ በዚያው ዝግተኛ ግራዲየንት ያሂዱና ከመጀመሪያው ክሮማቶግራም ጋር አነባብረው ያነጻጽሩ።