ፍሬኑ የማይዝና አክስሉ የሚግል አሮጌ ኡራል፦ ችግርና መፍትሄ

ከዚህ በታች የተጻፈው ኡራል የተባሉትን የሶቪየት የጭነት መኪናዎች፣ ማለትም ኡራል 375ንና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ መመረት የጀመረውን ኡራል 4320ን ይመለከታል። ከሌሎቹ የሶቪየት የጭነት መኪናዎች የዚል 131 ፍሬን ሙሉ በሙሉ በአየር፣ የጋዝ 66 ደግሞ በቫኪዩም በሚታገዝ ዘይት ስለሚሠራ፣ የእነዚህ ባለቤቶች ሊጠቀሙ የሚችሉት በአብዛኛው ስለ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)ና ስለ አክስል ዘይት ከተነገረው ነው። ኡራል አየርንም ዘይትንም ይጠቀማል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አየር ወደ ሁለት ቡስተሮች (በአየር ግፊት የሚገፉ ክፍሎች) ይሄዳል፣ ቡስተሮቹም የፍሬን ዘይቱን የሚገፉትን ማስተር ሲሊንደሮች ይገፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሸራውን (ፍሬን የሚይዘውን ልባስ) ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከታምቡሩ ጋር የሚያጣብቀው የዘይት ግፊት ነው። አንዱ መስመር ለፊት አክስል፣ ሌላው ለመካከለኛውና ለኋላው ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረግ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከትራንስፈር ኬዙ (ኃይልን ለአክስሎቹ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ፣ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳ ወይም ካርዳን ሲፈታ መኪናው የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ጌጁ በቂ አየር ያሳያል፣ መኪናው ግን ቶሎ አይቆምም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትንሽ መኪና የፍሬን ዘይት ሲጎድል ወይም አየር ሲገባበት ፔዳሉ ይላላል፤ በኡራል ግን እግር የሚገፋው የአየሩን ቫልቭ ብቻ ስለሆነ፣ ዘይቱ ቢያልቅም ፔዳሉ እንደ ወትሮው ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ፔዳሉ ሳይሆን የቡስተሩ ፒስተን የሚሄድበት ርቀት ነው፤ ረጅም ርቀት የሚሄደው ቡስተር ችግሩ በየትኛው መስመር እንደሆነ ይጠቁማል።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ መጀመሪያ የዘይቱ መጠን ይታይ። ከጎደለ የሚያፈሰው ቦታ ሳይገኝ መሙላት ዋጋ የለውም። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል በማስተካከያው ይጥበብ፤ ይህም ካልረዳ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ አየር ይውጣ።

ፍሬኑ ጠዋት ደህና ሆኖ፣ ወደ ጊቤ ወይም ወደ ጎጀብ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ከደከመና ቆሞ ሲበርድ ተመልሶ ከያዘ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ መጠን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ የፈላው ዘይት የሚፈጥረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ ግፊቱ ሸራው ጋ አይደርስም። ዝናብ በሚበዛበት በጅማ ዘይቱን በየዓመቱ መቀየር የተጋነነ አይመስለኝም። ቀድሞ የተሞላው ዓይነት ካልታወቀ በላዩ ላይ መጨመር አይገባም፤ በዘይትና በአልኮል የተሠራው የድሮ የሶቪየት ፍሬን ዘይት ከዶት ጋር ስለማይስማማ፣ ሁሉም ፈስሶ መስመሩ ይታጠብ። የሞተር ዘይት ደግሞ ጎሚኒዎቹን ስለሚያሳብጥ ለአንድ ቀን እንኳ አይሞላ። ዘይቱ አዲስ ሆኖ ፍሬኑ አሁንም ከደከመና የሚቃጠል ሽታ ካለ፣ የጋለው ሸራው ነው፤ መድኃኒቱም ቁልቁለቱን ገና ከአናቱ በከባድ ማርሽ መውረድ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል

ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ብቻ ከሆነ ታምቡሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ እየያዙ ጥቂት መንገድ መሄድ ያደርቀዋል። ሁልጊዜ ከሳበ ግን ደካማው ጎን ይከፈት። ፓራዎሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) አርጅቶ ሸራው በዘይት ርሶ ከሆነ በቤንዚን ማጠብም ሆነ ማቃጠል አያድነውም፤ ፓራዎሊዮው ተቀይሮ የአክስሉ የሁለቱም ጎን ሸራ አብሮ ይለወጥ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በአየር አይነፋ፣ በውሃ እየረጠበ ይጠረግ።

አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በላይ ይግላል

የጋለው ጎማ ተነስቶ በእጅ ይሽከርከር። ከያዘ የአየር ማውጫዋ ቡሎን ትንሽ ትላላ፤ ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከተፈታ፣ ግፊቱ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነውና ውስጡ ያበጠ የጎሚኒ ቱቦ ወይም የማስተር ሲሊንደሩ መመለሻ ቀዳዳ ይጠርጠር። ካልተፈታ ደግሞ የደከመ የሸራ ስፕሪንግ ወይም የዛገ የዊል ሲሊንደር ፒስተን ይፈለግ።

ጎማው እንደልብ ዞሮ ካጓራ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ጉዳዩ የኩሽኔታ ነው። የተሰነጠቀ ወይም በሙቀት የጠቆረ ኩሽኔታ ይለወጥ፤ ደህና ከሆነ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይሞላ። ሲገጠም ጎማውን በሁለቱም አቅጣጫ እያዞሩ ዳዶውን ጎማው እስኪከብድ ማጥበቅ፣ ከዚያ የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው መጠን ማላላት ያስፈልጋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሀቡ በእጅ ይዳሰስ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ በጣም ጠብቋል።

አየሩ ሲያድር ያልቃል

በመጀመሪያ በየጎማው ያሉት የአየር መሙያ ቫልቮች ተዘግተው ይታይ። አየሩ ከቆየ የሚያፈሰው ፍሬኑ ሳይሆን ጎማ የሚነፋው መስመር ነው። ካልቆየ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። ከአየር ታንኮቹ ውሃውን በየቀኑ ማፍሰስ ረዳቱ ሊተወው የማይገባ ሥራ ነው።

የአክስሉ ዘይት ነጥቷል ወይም በፓራዎሊዮ ይወጣል

ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚመጡት በጭቃ ከተደፈነ የአክስል መተንፈሻ ነው። አክስሉ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራዎሊዮ ይገፋዋል፤ የጋለው አክስል ወንዝ ሲገባ ደግሞ አየሩ በድንገት ይሰበሰብና በዚያው በፓራዎሊዮ በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻው ሳይጸዳ ፓራዎሊዮ የሚቀይር ጋራዥ የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል። ለማጣራት መኪናው አድሮ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የማፍሰሻው ቡሎን በትንሹ ይላላ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ግን ውሃው አብሮት ስለተመታ ተጣርቶ አይመለስም፤ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ አዲሱ ከተሞላና ጥቂት ከተነዳ በኋላም ቀለሙ እንደገና ይታይ።