ጅማ ላይ የናፍታ ፒክአፕ ለምትገዙ፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ጅማ ውስጥ የናፍታ መኪና መካኒክ ነኝ። ቡና ሰብሳቢዎች ፒክአፕ ማፈላለግ የሚጀምሩት ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ጋራዡ ደጃፍ ላይ ከሚጠገነው መኪና የሚጠይቀው ሰው ይበዛል። "ኡስታ፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?" እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መኪናዋ በዓመት ስንት ወር ትሠራለች? ናፍታ የምትቀዱትስ ከየት ነው?

ስለ ሞዴልና ስለ ቀለም ብዙ ያሰበ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሲጠየቅ ዝም ይላል። ውሳኔው ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከወሩ እንጀምር። ከአጋሮ፣ ከጌራ ወይም ከሊሙ ኮሳ ቀይ እሸት ቡና የሚሰበስብ ሰው ሥራው የሚጦፈው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ጀንፈሉን ከጨመርን ትንሽ ይገፋል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ለገበያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አትንቀሳቀስም። ባንክ ግን የቡና ወቅት አለፈ ብሎ ወለድ አያቆምም። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ብትበደሩ፣ ዋናው እስካልቀነሰ ድረስ ወለዱ ብቻ በወር 15,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ ይላችኋል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማም ይሄ ሁሉ ይከፈላል። ስለዚህ በዓመት አራት አምስት ወር ብቻ ለሚሠራ ሰው ተበድሮ አዲስ መግዛትን አልመክርም። በየቀኑ ቦንጋ፣ ሚዛን ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ አንድ ቀን ከቆመ ኮንትራቱ የሚበላሽበት ሰው ግን ሌላ ነው። ለእሱ አዲስ ዋጋዋን ትመልሳለች።

አዲስ ስል ገበያው ራሱ ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመኪናው ዋጋ አብሮ ተተኮሰ። ስለዚህ አዲስ እንገዛለን ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት "መኪናዋ አሁን እዚህ አለች ወይ?" ብላችሁ ነው። ሻንሲ ቁጥሯን በዓይናችሁ ሳታዩ "መንገድ ላይ ናት" ለምትባል መኪና ቀብድ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ናፍታው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ጋራዥ ውስጥ የማየው ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የድሮው ሃይሉክስ ላይ ያለው 5ኤል የሚባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ፓምፑ ሜካኒካል ነው። ናፍታው ትንሽ ቢቆሽሽ ያጉረመርማል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ብዙውን ችግሩን እዚሁ ጅማ ፈትተን እንሠራዋለን። ዲ ፎር ዲ የተጻፈባቸው የሃይሉክስ ቪጎዎች፣ ከዚያም የመጣው ሃይሉክስ ሪቮ፣ አዲሱ ኢሱዙ ዲማክስ፣ አዲሱ ፎርድ ሬንጀር ግን ኮመን ሬል የሚባለው፣ ናፍታን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘዴ ያላቸው ናቸው። ጎማችሁ ውስጥ ያለው ንፋስ 2 ወይም 3 ባር ነው። ኮመን ሬል ላይ ናፍታው ወደ ኖዝሉ፣ ማለትም ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጨው ዕቃ፣ የሚገፋው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በዚህ ግፊት ውስጥ ጠብታ ውሃ ወይም ደቃቅ አፈር ከገባ የኖዝሉን ጫፍ ይበላዋል። ኖዝሉ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ስለሆነ በመፍቻ ብቻ አይስተካከልም። መሞከሪያ ማሽን ይፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡትን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ እልካለሁ። በቡና ወቅት መሃል ኖዝል አዲስ አበባ ልኮ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል።

እስቲ አስቡት። ናፍታ ከከተማ ሲጠፋ፣ ወይም ወረዳ ላይ ሲያልቅባችሁ ከየት ትቀዳላችሁ? ከበርሜልና ከጀሪካን። ያ በርሜል ዝናብ ላይ ውሎ ያደረ ነው። ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት።

አንድ ሰው መኪናውን ምን ሲያጠጣት እንደከረመ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የናፍታ ፊልትሮው ሥር የውሃ ማፍሰሻ አለ። ባዶ ሃይላንድ ከሥሩ ያዙና ላላ አድርጉት፤ ሩብ ያህል ይሙላ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ አትንኩት። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፣ ናፍታው ከላይ ይቀራል፣ መሃላቸው ላይ መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ታች ቡናማ ደቃቅ ነገር ከተኛ ታንከሩ ዝጓል ማለት ነው። ኮመን ሬል ላይ ይህን ካያችሁ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። 5ኤል ላይ ከሆነ ታንከሩን የማጠብና ፊልትሮ የመቀየር ወጪ ከዋጋው ይቀነስላችሁ።

እንግዲህ የኔ አቋም ይኸው ነው። ከወረዳ በርሜል የምትቀዱ፣ በዓመት ግማሹን የምትቆሙ ከሆነ ደህና የተያዘ ያገለገለ ባለ ሜካኒካል ፓምፕ ግዙ። ከዋናው ማደያ የምትቀዱ፣ ዓመቱን ሙሉ የምትነዱ፣ ሰርቪስ በሰዓቱ የምታስገቡ ከሆነ አዲሱን ግዙ፣ አይዟችሁ። መሃል ላይ ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ ዲ ፎር ዲ ልትይዙ ትችላላችሁ፣ ግን ሳታስመረምሩ እንዳትነኩት። መርማሪያችሁ የኖዝሎቹን የመልስ ናፍታ ያይላችሁ። ከአራቱም ኖዝል የሚመለሰው ናፍታ በየራሱ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ ያ ኖዝል አልቋል።

ያገለገለውን ስታዩ

ሻጩን "ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፣ ሞተር እንዳታስነሳ" በሉት። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ ቀድሞ አስነስቷል፤ ለምን እንዳስነሳ ጠይቁት። የናፍታ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። አሁን አስነሱት። ጠዋት ትንሽ ነጭ ጭስ አይተን አንደነግጥም፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ነጩ ካልጠፋና ያልተቃጠለ ናፍታ ከሸተተ ችግሩ የኖዝል ወይም የኮምፕሬሽን (የሞተሩ አየር የመጭመቅ አቅም) ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁሩ ዳገት ላይ ትንሽ ቢወጣ 5ኤል ላይ የተለመደ ነው፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን አይደለም።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አላልታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ወይም በትንሹ ከተንቀጠቀጠ ጥሩ። እየዘለለ ከወደቀ የፒስቶን ፋሻዎቹ አልቀዋል፤ ሞተሩ በቅርቡ መውረዱ አይቀርም። ሻጩ "ይሄ የናፍታ ጠባይ ነው" ይላችኋል። አይደለም።

ከዚያ ሰው ጭናችሁ ወደ ጅሬን ውጡ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ከጅማ መንገዶች ሁሉ ለመፈተሻ የምመርጠው እሱን ነው። በሦስተኛ ማርሽ ያዙና ነዳጅ ስጡ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልጨመረች ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የሙቀት መለኪያውን ከዓይናችሁ አታርቁ። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሶኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ተወርዶ እንደገና ወደ ወልቂጤ ሲወጣ፣ በዚያ ሸለቆ ሙቀት፣ ራዲያተሯ የደከመ መኪና ትከዳለች። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ ውረዱ። ማርሹ ራሱ ከወጣ ካምቢዮው ሥራ ይፈልጋል። ፎር ዊሉን አስፋልት ላይ አትሞክሩ፤ ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ አስገቡት።

ሻንሲው ላይ ግን አትቸኩሉ። የፒክአፕ አቅም በአማካይ አንድ ቶን ነው፣ 10 ኩንታል። የጅማ ዙሪያ ፒክአፕ ከዚያ በላይ እሸት ቡና ተጭኖበት ጭቃ ውስጥ ሲላጋ የኖረ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከጋቢናው ጀርባና ከኋላ ባሌስትራው ማሰሪያ አካባቢ ነው። ካርቶን አንጥፉና ከሥር ግቡ። ባትሪ አብሩና ሁለቱንም የሻንሲ ሐዲድ (ረጃጅሞቹን ብረቶች) ከፊት እስከ ኋላ በጣታችሁ ዳስሱ። የብየዳ እብጠት ካገኛችሁ ተሰንጥቆ ተበይዷል። አንዱ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ቀለሙን በጥፍራችሁ ፋቁት። ቀይ ጭቃችን ሻንሲው ውስጥ ገብቶ እርጥበት ይዞ ይከርማል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ታፍኖ ይሰማል። ሞተር ይወርዳል ይሠራል። የበሰበሰ ሻንሲ ያላት መኪና ግን በነጻም ብትሰጠኝ አልወስዳትም።

ኪሎሜትሩን እንዳለ አትመኑ፤ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማና የሾፌር ወንበሩን ጠርዝ እዩ። 80,000 ያነበበች መኪና ፔዳሏ ብረቱ ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከእርዳታ ድርጅትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚወጡትን እወዳቸዋለሁ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያቸው ይወጣል። ሰርቪሳቸው ብዙ ጊዜ በመዝገብ የተያዘ ነው፤ ያንን መዝገብ ጠይቁ። ነገር ግን የሚሸጡት ባሉበት ሁኔታ ስለሆነ በኋላ ቅሬታ የለም።

ወረቀቱ

ደላላ "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው" ብሎ ሲያጣድፋችሁ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን አስቡ። ሊብሬውን ኦርጅናሉን እዩ። የሃይሉክስ ሻንሲ ቁጥር ከፊት በስተቀኝ በኩል፣ ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመቷል። ቁጥሩን በጨርቅ ጥረጉና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩንም እንደዚያው፤ ሞተር ተቀይሮ ያልተመዘገበ ከሆነ መዘዙ ለእናንተ ነው። መኪናዋ የተመዘገበችበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ሳታዩ ውል እንዳትፈርሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። ብሩን በባንክ አስተላልፉ፣ ያውም ውልና ማስረጃ ፊት በምትፈርሙበት ቀን።

አዲስ ለምትገዙት የምለው አጭር ነው። ዋስትናው የሚጸናው ሰርቪሱ የት ሲደረግ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ 350 ኪሎሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ያም ወጪ ነው። ጭስ መውጫው ላይ ዲፒኤፍ የሚባል ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሰልፈር የበዛበት ናፍታ ያን ማጣሪያ ቶሎ ይደፍነዋል። እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ እስከ አጂፕ ብቻ የምትመላለስ መኪና ደግሞ ጥላሸቱን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አታገኝም።

ያገለገለ ስትገዙ ከያዛችሁት ብር አንድ አሥረኛውን አስቀሩ። ሻጩ ፊት ስለዚህ ብር አታውሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ወጪ ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የናፍታና የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ። ታይሚንግ ቤልቱን ደግሞ "ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ" ቢሏችሁም ደረሰኝ ከሌለ ቀይሩት። 5ኤልም የቪጎው ዲ ፎር ዲም በቤልት ነው የሚሠሩት፤ ጂዲ ሞተር ያላቸው ሪቮዎች ሰንሰለት አላቸው። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ሳይደረግ ጌራ ቡና ልትጭኑ እንዳትወጡ።