ትራክ ላይ ፍሬን ሲከዳ፦ የፍሬን ሸራ ከመግዛትዎ በፊት ፔዳሉን ያዳምጡ

የስፖርት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ትራክ፣ ማለትም የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ሲገባ መጀመሪያ የሚደክመው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና፣ ቶዮታ ጂአር86ን የሚያህል ማለት ነው፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲቆም ወደ 180 ኪሎጁል ሙቀት ዲስኮቹ ላይ ያራግፋል። ያው መኪና ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ ጫፍ ላይ ከ180 ወደ 80 ሲወርድ የሚያራግፈው 1,300 ኪሎጁል ይደርሳል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ይህም በአንድ ዙር ውስጥ ደጋግሞ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ፋብሪካው የገጠመው ሸራ ለዚህ አልተሠራም።

ፍሬን አልይዝ ሲል ብዙ ሰው በቀጥታ ውድ ሸራ ያዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ስለዚህ አስቀድመው አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ፍሬኑ ሲከዳ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ገባ? ወይስ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆም አለ? የሁለቱ መንስኤም መፍትሄም ይለያያል።

ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ

የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ከካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጨብጠው ክፍል) ፒስተን ጀርባ ያለው ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ የእግርዎ ጉልበት እሱን በመጨፍለቅ ያልቃል። ዶት 4 የሚል ደረጃ የተጻፈበት ዘይት አዲስ እያለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ለዶት 5.1 ቁጥሮቹ 260 እና 180 ናቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሁለት ዓመት የቆየ ዘይት ለከተማ ቢበቃም ለትራክ አይበቃም።

እዚያው ትራክ ላይ ከሆኑ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፣ ማርሽ እየቀነሱ ፍጥነት ያውርዱና ይውጡ። ሲበርድ ፔዳሉ ተመልሶ ይጠነክራል፤ አይመኑት። ያ ዘይት መውጣት አለበት።

በምትኩ ለውድድር የተሠራ፣ አዲስ እያለ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚፈላ ዘይት ያስገቡ፤ ሞቱል አርቢኤፍ 600 እና ካስትሮል ኤስአርኤፍ የታወቁት ናቸው። ሙሉ በሙሉ ለመቀየር አንድ ሊትር ያዘጋጁ። አሮጌውን ከማጠራቀሚያው በመርፌ ሲሪንጅ መጥጠው አዲሱን ይሙሉ። ከዚያ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካልሰጠ በስተቀር ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ። አንድ ሰው ፔዳሉን በዝግታ ሲረግጥ እርስዎ የአየር ማውጫውን ብሎን ይከፍታሉ፤ እሱ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ይዘጋሉ። በቀጭኑ ቱቦ የሚወርደው ዘይት አረፋ እስኪያጣና እስኪጠራ ይቀጥሉ፤ ማጠራቀሚያው መሃል ላይ ካለቀ አየር ይገባና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አራት ፒስተን ያላቸው ካሊፐሮች ብዙውን ጊዜ ሁለት አየር ማውጫ አላቸው፣ አንዱ በውጭ ሌላው በውስጥ በኩል። የውስጠኛው ከተረሳ ፔዳሉ መቼም አይጠነክርም። ዶት 5 ደግሞ ስሙ ከ5.1 ጋር ቢመሳሰልም ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም።

አዲሱም ዘይት ከፈላ የሸራውን ውፍረት ይለኩ። ሸራ መያዣ ብቻ ሳይሆን በዲስኩና በፒስተኑ መሃል ያለ የሙቀት መከላከያም ነው። ከብረት ጀርባው ሌላ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ከቀረ ለከተማ ወራት ቢያስኬድም ለትራክ ያለቀ ነው፣ ይቀይሩት። ሸራው ወፍራም ሆኖም ከፈላ አየር የሚያደርስ ቱቦ ያስፈልጋል፤ አየሩ መግባት ያለበት በዲስኩ መሃል ነው፣ በፊቱ ላይ አይደለም።

የትራኩን ጠርዝ በጎማ ከረገጡ ወይም ከባድ ኩርባ ካለፉ በኋላ ፔዳሉ በመጀመሪያው ረገጣ ብቻ ረዝሞ በሁለተኛው የሚስተካከል ከሆነ ዘይቱ አልፈላም። ዲስኩ ተወዛውዞ ፒስተኑን ወደ ኋላ ገፍቶታል። የጎማውን ኩሽኔታ ያስፈትሹ፤ እስከዚያው ከፍሬን ቦታው በፊት ፔዳሉን በግራ እግር ቀስ ብሎ መንካት ሸራውን ወደ ዲስኩ ያስጠጋዋል።

ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ

አሁን ጥፋቱ የሸራው ነው። ሸራው ውስጥ ያሉትን ነገሮች የሚያያይዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ያወጣል፣ የመጨበጥ አቅሙም ይወድቃል። የሚያቃጥል ሽታ ይኖራል፤ ሸራው ሲፈታ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሸራው አዲስ ከሆነና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሆነ ይህ የደረሰው ምናልባት ስላልተሟሸ ነው፤ ማሟሸቱ ከታች አለ።

ተሟሽቶም ከከዳ የሙቀት ክልሉ ከፍ ያለ ሸራ ይፈልጋሉ። ምን ያህል ከፍ ያለ የሚለውን በግምት አይመልሱ። የዲስክ ሙቀት መለኪያ ቀለም ገዝተው በዲስኩ የውጭ ጠርዝ ላይ ሦስት ነጥብ ይቀቡ። በተለመደው ስብስብ አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ መልኩን ይቀይራል። ከሩጫው በኋላ አረንጓዴው እንኳ ካልተቀየረ ለመንገድም ለትራክም የሚሆን እንደ ፌሮዶ ዲኤስ2500 ያለ ሸራ ይበቃል። ብርቱካናማው ከተቀየረ እንደ ሆክ ዲቲሲ-60 ወይም ፓጂድ አርኤስ29 ያለ እውነተኛ የትራክ ሸራ ያስፈልጋል። ቀዩ ከተቀየረ ከሸራው በፊት ለዲስኩ አየር ያድርሱ፤ በዚያ ሙቀት ላይ ውድ ሸራ መደራረብ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

በሸራው ጠርዝ ላይ በሚታተሙት ሁለት ፊደላት ብቻ አይምረጡ። ኤፍ ማለት የመጨበጥ መጠኑ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ማለት ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ለመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ለትኩስ። ነገር ግን ፈተናው ከ350 ዲግሪ አያልፍም። ጂጂ የተባለ ሸራ በ600 ዲግሪ ምን እንደሚያደርግ ፊደሉ አይናገርም። የአምራቹን የሙቀት ሰንጠረዥ ይጠይቁ፤ ሰንጠረዥ የማይሰጥ አምራች ሸራ ለትራክ አይገዛም።

የፊቱን ብቻ ቀይሮ የኋላውን መተውም ሌላ ችግር ይወልዳል፦ የፊት ጎማዎች ቶሎ ይቆለፋሉ፣ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ቀድሞ ይነሳል፣ መኪናውም ለመቆም ይረዝማል። የፊትና የኋላ ሸራ ከአንድ አምራች ቢሆን፣ የኋላው እኩል ወይም አንድ ደረጃ የለሰለሰ ቢሆን ይመረጣል። በተራ የመንገድ ጎማ ላይ የመጨረሻውን ኃይለኛ ሸራ መግጠምም አይጠቅምም፤ ጎማው ከያዘው በላይ ፍሬኑ አይይዝም።

አዲስ ሸራ ማሟሸት

የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ ጠንከር አድርገው ግን ኤቢኤስ ሳያስነሱ ያውርዱ፤ በፍጹም እስኪቆም አይርገጡ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል እየነዱ ያብርዱት። ዲስኩ ላይ አንድ ወጥ ግራጫ ሽፋን መታየት አለበት።

ሲረግጡ መሪው ወይም ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ

ብዙ ሰው "ዲስኩ ተጣሟል" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልተጣመመም፤ የሸራው ቁስ በአንድ ቦታ በዝቶ ተጣብቆበታል። ትኩስ ፍሬን ይዘው ሲቆሙ ወይም ከትራክ ወጥተው የእጅ ፍሬን ሲስቡ የሸራው ቅርጽ ዲስኩ ላይ ይታተማል። የሌላ ዓይነት ሸራ በነበረበት ዲስክ ላይ አዲሱን ሳያጸዱ መግጠምም ይህንኑ ያመጣል። ዲስኩን በ80 ወይም 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሁለቱም ፊት አጽድተው እንደገና ያሟሹ። ካልጠፋ ዲስኩ የሚቀመጥበትን ፊት ዝገት ይፈልጉ። ለወደፊቱ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳያበዙ ይንዱ፤ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን ትተው ማርሽ ውስጥ ያስገቡና ጎማው ስር ታኮ ያድርጉ።

የኋላው ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ካለቀ

የመረጋጊያ ሥርዓቱ (መኪናው እንዳይንሸራተት ራሱ ፍሬን የሚይዘው) ሳይነግርዎ የኋላ ፍሬን እየያዘ ነው። በየኩርባው ጣልቃ ከገባ ዲስኩ ፋታ አያገኝም። አስተማሪ አብሮ ካለና አደራጆቹ ከፈቀዱ ወደ ትራክ አሠራሩ ይቀይሩት፤ ካልሆነ ኩርባውን በለሰለሰ እጅ ይንዱ።

በአንዱ ጎማ የውስጡ ሸራ ከውጪው በጣም ቀጥኖ ከተገኘ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቋል። ፈትተው ያጽዱት፣ ጎሚኒው ከተቀደደ ይቀይሩት፣ ለፍሬን የተሠራ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይቀቡት።

ወደ ቤት ሲመለሱ

የትራክ ሸራ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይጨብጥም፣ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይበላል፣ ብናኙም ቸርኬው ላይ ዝገት ሆኖ ይቀራል። በአውሮፓ ደግሞ ብዙዎቹ ለመንገድ የሚያስፈልገው የኢሲኢ አር90 ማረጋገጫ የላቸውም። መኪናው የዘወትር መጓጓዣም ከሆነ ሁለት ስብስብ ይያዙና ከመውጣትዎ በፊት ይቀያይሩ።

ሸራውን በፈቱ ቁጥር ዲስኩን በጣት ጥፍር ይፈትሹት። ፊቱ ላይ የሚታዩ ጸጉር መሳይ ስንጥቆች የሙቀት ምልክት ናቸው፣ ለጊዜው ያስኬዳሉ። ጥፍር የሚይዝ፣ እስከ ጠርዙ የደረሰ ወይም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የተያያዘ ስንጥቅ ካለ ግን ያ ዲስክ አንድ ዙር እንኳ አይነዳበትም፤ ግራና ቀኙን በአንድ ላይ ይቀይሩ።