ለከሰዓት ድካም ከቡናው ይልቅ በሶ ብጥብጥ

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዓይን ሲከደን ወሎ ውስጥ የሚታሰበው ቡና ማፍላት ነው። ችግሩ፣ ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም ሰውነት ውስጥ ስላለ እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግስቱ ድካሙ ይብሳል። ለዚህ የሠራው በሶ ነው። የደላንታ ደጋ ገብስ እያለ ምን ጠፍቶ!

250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይቀድማል። በላዩ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ጨምሮ አረፋ እስኪያወጣ መናጥ። ዱቄቱ ከቀደመ ታች ይለጠፍና ይጓጉላል። ጥሬ ጥሬ ካለ ገብሱ በቅጡ አልተቆላም፤ መረር ካለ አሯል። ሆድ ከከበደ በሶውን ወደ 2 ማንኪያ መቀነስ ነው። በጥብጦ ማሳደር አይገባም፣ ይኮመጥጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ማሩን ይተወው፤ በሶውም ቢሆን በልክ ይሁን።

በሶ ካፌይን የለውም፤ የሚያቃልለው ከረሃብና ከውሃ ጥም የመጣውን ድካም ነው። ቡናን በአንዴ መተው ራስ ምታት ያመጣል፤ ስለዚህ የጠዋቱ ይቆይ፣ የከሰዓቱ ብቻ ይተካ።