ጮቄን የሚያስወጣ የፊት አክስል

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ሰባ አምስት ላንድክሩዘር ፒካፑን በአይሱዙ አስጎትቶ ደብረ ማርቆስ ጋራዤ ድረስ መጣ። ከጮቄ ተራራ ሥር ከድጓ ጽዮን ድንች ጭኖ ሲመለስ መረሬ ጭቃ ውስጥ ገብቶበታል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጠው "ጧ!" አለ። ከዚያ በኋላ የፊት ጎማው አልዞር አለ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ጋሼ፣ ወፍራም አክስል ፈልግልኝ" አለኝ። "የጎተተኝ አይሱዙ እንኳ አክስሉ ከኔ ይወፍራል።"

ሳቅሁ። እኛ ዘንድ ድንች የሚጭነው አይሱዙ የፊት አክስሉ ሸክም ይሸከማል እንጂ ጎማ አያዞርም። ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ) የለው፣ ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው የውስጥ ዘንግ) የለው፤ ድፍን ብረት ነው። ውፍረት ብቻ አይቶ አክስል መግዛት ቀንድ አይቶ የእርሻ በሬ እንደመግዛት ነው።

እኔ ጠንካራ አክስል ሊያሠራ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "ቢሰበርስ የት ይሰበርልህ?" ብዬ ነው። ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሴሚያሱን ብታጠነክሩት ጉልበቱ ወደ ጆይንቱ (ጎማው ሲታጠፍም ዘንጉ እንዲዞር ወደሚያደርገው መገጣጠሚያ) ይሄዳል። ጆይንቱን ብታጠነክሩት ዲፈረንሻሉ ጥርሱን ያራግፋል። አንዱ ሲጠነክር ሌላው ደካማ ይሆናል። የተሰበረ ጆይንት ሮብ ገበያ ከተማ ዳር ሸራ አንጥፌ በግማሽ ቀን እቀይራለሁ። የጎበጠ የአክስል ቤት (የውጪው ቀፎ) ግን ሜዳ ላይ አይቃናም። የመሪ ክንድ ከተነቀለማ ስለ አክስል የምናወራበት ሁኔታም አይኖርም። ስለዚህ ቤቱና የመሪው ዕቃ እንዳይሰበሩ አድርጌ እሠራለሁ። መሰበር ካለበት ጆይንቱ ይሰበር፤ መለዋወጫው ከወንበሩ ኋላ ይቀመጥ።

አክስል ስትመርጡ ከመኪናው ዘር አትውጡ። የሌላ መኪና አክስል ማስገባት ይቻላል፣ ሲገጥሙም አይቻለሁ። ፍሬኑ፣ የባልስትራው መቀመጫ፣ የመሪው ዘንግ፣ የቸርኬው ቡሎን ሁሉ አዲስ ሥራ ይሆናል። የዲፈረንሻሉ እብጠት ያለበትን ጎንም እዩ። የፊት ትራስሚሲዮን (ጉልበት ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ከሚወጣበት ጎን ጋር ካልገጠመ ብሩን ባታባክኑት ይሻላል። ሰባ አምስት ፊቱ ባልስትራ ነው። በፈረንጅ ከ1999 ወዲህ የወጡት ሰባ ስምንትና ሰባ ዘጠኝ ፊታቸው ሞላ ነው፤ ማሠሪያቸው አይገናኝም።

የአዲሶቹ ዲፈረንሻል ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አለው። ፒኞኑ (ትራስሚሲዮኑ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ኮሮናውን ከመካከሉ ከፍ ብሎ ነው የሚያገኘው። (ኮሮና ስል ትልቁን ክብ ጥርስ ነው፤ በሽታውን ተዉት።) አሮጌው ፒኞን ዝቅ ብሎ ስለሚገባ፣ ፊት ላይ ሲታሠር መኪናው ወደፊት ሲሄድ የሚገፋው በጥርሱ ደካማ ፊት ነው። ከፍ ያለው በጠንካራው ፊት ይገፋል። ትራስሚሲዮኑንም ከድንጋይ ያርቀዋል። አሮጌው ያላችሁ ግን አትዘኑ፤ ከልኩ ያለፈ ትልቅ ጎማ ካልገጠማችሁ፣ ነዳጅ ላይም እግራችሁ ካልከበደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

አሮጌ አክስል የምንገዛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሻጩ ቀለም ቀብቶ ያሳያችኋል። ቀለሙን አትዩ። ጫፉ ላይ ያለውን ክብ ሉል በጥፍራችሁ ዳብሱት። ዝገት በልቶት ጉድጓድ ካለው አዲሱን የላስቲክ ማኅተም በሳምንት ይቆርጠዋል። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና ቤቱ መጉበጡን እዩ። የውስጡ ፓራውሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) በአንድ በኩል ብቻ ሲያፈስ የኖረ ከመሰለ ተጠንቀቁ። ቤቱ ሲጎብጥ ሴሚያሱ መሀል ለመሀል አይገባም፤ ፓራውሊውን በአንድ ጎን ይበላዋል። ብዙ ባለመኪና በየሦስት ወሩ ፓራውሊ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የፓራውሊው አይደለም።

ጥርስ ሳትቆጥሩ ብር እንዳትከፍሉ። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ማርሽ ስታስገቡ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ደረቅ መሬት ላይ ማርሽ ይበላሉ። መክፈት ካልፈቀዱላችሁ አንዱን ጎን ያዙ፣ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከአራት ትንሽ አለፍ ካለ 37 በ9 ሊሆን ይችላል፤ 4.11 ማለት ነው። ጋራዥ ስትገቡ ግን ከፍታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ብየዳው። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። መጀመሪያ ያጠናከርኩት ቤት የራሴ መኪና ነበር። ከላዩ 6 ሚሊሜትር ላሜራ ዘረጋሁና ከዳር እስከ ዳር ባንድ ትንፋሽ በየድኩት። አምሮ ነበር! ሲቀዘቅዝ ላዩ ተሰብስቦ ቤቱን እንደ ደጋን ሳበው። ጎማዎቹ አናታቸው ወደ ውስጥ ተጋደለ። ጎማ በሁለት ወር በላሁ።

አሁን ሦስት አራት ሴንቲ በይዤ ወደ ሌላው ጎን እሄዳለሁ። እጄን ማሳረፍ እስክችል አስቀዘቅዛለሁ። ሲባጎውን ደግሜ እወጥራለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ይፍጅ። ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) 7018 የሚባለው ይሁን፣ ደረቅ ይሁን። በእኛ ክረምት ካርቶኑ ተከፍቶ ያደረ ኤሌክትሮድ ውሃ ይጠጣል፤ ብየዳው ላዩ አምሮ ውስጡ ይሰነጠቃል። አክስሉ መኪናው ላይ ካለ ባትሪውን ፍቱ። የመበየጃውን የመሬት ገመድ ከሥራው አጠገብ ቆንጥጡት፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኩሽኔታው አለቀለት። ትኩረታችሁ ከሉሉ ሥር ይሁን። ጉልበቱ እዚያ ስለሚያርፍ በሁለት በኩል ሦስት ማዕዘን ደጋፊ ይግባበት። የላንድክሩዘር ቤት መካከሉ ላሜራ ስለሆነ ብየዳ ይቀበላል። የሌላ መኪና መካከሉ ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ ግን የካስት ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይንካው።

ጆይንቱ ውስጥ ስድስት ኳሶች አሉ። ወደፊት መንዳት የሚበላው አንዱን ፊት ነው። ስለዚህ ቀኝና ግራውን ብታለዋውጧቸው ያልተበላው ፊት ሥራ ይጀምራል። የተሰነጠቀ ከሆነ አይሆንም፤ ጣሉት። ግሪሱ ሞሊብዲነም ያለው ይሁን። ዘይት የተቀላቀለበት ጥቁር ሾርባ በሉሉ ላይ ከወረደ የውስጡ ፓራውሊ ሄዷል ማለት ነው።

ናክሉን (ከጎማው ጋር በመሪ የሚታጠፈውን የአክስል ጫፍ) ስትፈቱ ከላይና ከታች ያሉትን ስስ ሺሞች (የልክ ማስተካከያ ቆርቆሮዎች) እንዳታደባልቁ። የትኛው ከየት እንደወጣ በእስኪሪብቶ ጻፉበት። ስትገጥሙ ጥብቀቱን በመንጠቆ ሚዛን ለኩ። ያው ገበያ ላይ ማር የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ጆይንቱ ሳይገባ በመሪው ክንድ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ሳቡና መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚያሳየውን ከመኪናችሁ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። የጎማውን ኩሽኔታ ዳዶ ደግሞ በ54 ቁልፍ እንጂ በመሮ አትምቱ። የዚህ ደንበኛዬን ከኔ በፊት የሠራው ሰው በመሮ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ዳዶው የተላጠ ቆሎ መስሏል።

በጣም የምፈራው ቦታ ግን የመሪው ክንድ ነው። ክንዱን ከናክሉ ጋር የሚይዙት በየጎኑ አራት ጭንቅላት የለሽ ቡሎኖች ናቸው። ሾጣጣ ሮንዴላ አላቸው። ከላሉ አንድ በአንድ ይቆረጣሉ። አሮጌ ከሆኑ አትጸጸቱ፣ አዲስ ግዙ። ጥርሱን ከግሪስና ከዘይት አጽዱ፣ በልክ አጥብቁ።

መኪናችሁን ከፍ ባለ ባልስትራ ካነሳችሁ መሪው አስፋልት ላይ መቅበዝበዝ ይጀምራል። የናክሉ አናት ወደ ኋላ ያለው ጋደልታ ቀንሷል። በባልስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የብረት ሽብልቅ አስገቡ። አክስሉ ከባልስትራው በላይ ከተቀመጠ ወፍራሙ ጫፍ ወደፊት ይሁን። ብዙ አታብዙት። ፒኞኑ አፍንጫውን ስለሚደፋ ክሮቼራው (የትራስሚሲዮኑ መገጣጠሚያ) ይጎዳል።

ወንዝ የምትሻገሩ ደግሞ የአክስሉን መተንፈሻ አትርሱ። ሲሄድ የሞቀ አክስል ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃ በፓራውሊ በኩል ይስባል። በላስቲክ ቱቦ መተንፈሻውን ሞተር ክፍል ድረስ አውጡት። ከሁሉ ርካሹ ሥራ ይሄ ነው፤ ማንም አይሠራውም።

ደንበኛዬን ስሸኘው ሁለት ነገር ነገርኩት። ጭቃ ውስጥ ስትገባ መሪውን አቅና፣ ከዚያ ነዳጅ ስጥ። ጆይንት የሚሰበረው ተጠምዝዞ ሲገፋ ነው። ሁለተኛው፣ 500 ኪሎሜትር ሲሞላህ ተመለስ። በሁለት ሳምንቱ ከነድንቹ መጣ። ሥሩ ገብቼ የመሪውን ክንድ ዳዶዎች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከስምንቱ ሁለቱ ሩብ ዙር ተቀበሉ።