ውፍረትን ለመቀነስ ከሚደረጉ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ለራስ የሚስማማውን እንዴት መምረጥ ይቻላል

ውፍረትን ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ዓይነት ብዙ ኪሎ እንደሚቀንስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመጀመሪያው መሆን ግን የለበትም። በስፋት በሚሠሩት በሁለቱ ዓይነቶች፣ ማለትም በስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ በማሳነስ) እና በባይፓስ (ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራ እንዲዘል በማድረግ) መካከል ያለው የኪሎ ልዩነት ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ሲሆን፣ ከቃር፣ ከስኳር በሽታ፣ ከሚወሰዱ መድኃኒቶችና ከአመጋገብ አንጻር ያለው ልዩነት ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚዘልቅ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከእርስዎ ጤናና አኗኗር ተነሥቶ ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚሄድ ነው፤ ዓላማውም ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ምን እንደሚጠይቁ ዐውቀው እንዲቀርቡ ለማገዝ እንጂ የሐኪሙን ምክር ለመተካት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ለቀዶ ሕክምናው ብቁ መሆንዎን ይወቁ

ክብደትዎን በኪሎ ግራም፣ ቁመትዎን በሜትር ይለኩ። ቁመቱን በራሱ አባዝተው ክብደቱን ለውጤቱ ሲያካፍሉ ቢኤምአይ የሚባለውን ልኬት ያገኛሉ። ለምሳሌ ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 98 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት ቢኤምአይዋ 36 ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣውና ለሠላሳ ዓመታት ባገለገለው መመዘኛ መሠረት ቀዶ ሕክምናው የሚፈቀደው ቢኤምአዩ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ሰው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውና የዓለም አቀፉ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ ግን 35 የደረሰ ሁሉ ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ሊመከርለት እንደሚገባ፣ ከ30 እስከ 35 ያለና የስኳር በሽታ የያዘው ሰውም ሊታሰብለት እንደሚችል ተገልጿል። የሕክምና መድን ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞውን መመዘኛ ስለሚከተሉ የእርስዎ መድን የሚጠይቀውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በዚሁ ደረጃ ላይ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት የመርፌ መድኃኒቶች ለእርስዎ ይበቁ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። ክብደትን በሚገባ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ሲቋረጡ የወረደው ክብደት በአብዛኛው ስለሚመለስ፣ ወጪውን ለረጅም ዓመታት መሸፈን የማይችል ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ደረጃ 2፦ ሐኪሙ ምን እንደሚቆርጥና ምን እንደሚያገናኝ ይረዱ

በስሊቭ ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ ሰማንያ በመቶ ያህሉ ከሰውነት ይወጣል፤ የሚቀረውም ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። አንጀት አይነካም። የወጣው ጨጓራ ግን ተመልሶ አይተካም።

በባይፓስ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና ትንሹ አንጀት ወደ ላይ ተስቦ ከእርሷ ጋር ይሰፋል። ዋናው ጨጓራ በቦታው ይቀራል፤ አሲዱንም ያመነጫል፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። ሚኒ ባይፓስ የሚባለው ከሁለት ስፌት ይልቅ በአንድ መገጣጠሚያ የሚሠራ ሲሆን፣ ጊዜው አጭር ቢሆንም ሐሞት ወደ ጨጓራና ወደ ጉሮሮ የመመለስ ዕድል አለው።

ዱኦዲናል ስዊች ስሊቭ ላይ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት መዝለልን የሚጨምር ነው። ከሁሉ የበለጠ ክብደት ይቀንሳል፤ ከሁሉ የበለጠም የፕሮቲንና የቫይታሚን እጥረት ያስከትላል። በእኔ አመለካከት ቢኤምአዩ 50 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ላልሆነና ክትትሉን በጥብቅ ለማያደርግ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም። በጨጓራ ዙሪያ የሚታሰረው ባንድ ደግሞ ከዓመታት በኋላ እየተንሸራተተ ወይም ጨጓራውን እየበላ በብዙ ሰዎች ላይ እንዲወጣ ስለተደረገ ዛሬ እምብዛም አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ከሁሉ በፊት የቃሩን ጉዳይ ይፍቱ

ምርጫውን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚወስነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ሰዎች የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። የስሊቭ ቱቦ ጠባብ በመሆኑ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ አሲዱም ወደ ላይ ለመመለስ ይቀለዋል። በፊንላንድ 240 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ዐሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በምግብ መውረጃ ቱቦ ላይ በአሲድ ምክንያት የሚመጣ ቁስለት በስሊቭ ከታከሙት 31 በመቶ፣ በባይፓስ ከታከሙት ደግሞ 7 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል።

ስለዚህ ቃር በሳምንት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቸግርዎ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎት እንደሆነና ለስንት ዓመት እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት እንደወሰዱ ጽፈው ይያዙ፤ ቀዶ ሕክምናው ከመወሰኑ በፊትም ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ጨጓራን የማየት ምርመራ) እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የምግብ መውረጃ ቱቦው ተቃጥሎ ወይም ጨጓራው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ (ድያፍራም) ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ገብቶ ከተገኘ ባይፓስ የተሻለ ነው፤ አሲዱን ከምግቡ መንገድ ስለሚለየው የነበረውንም ቃር ብዙ ጊዜ ያስወግዳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የኢንዶስኮፒው ጥቅም በዚህ አያበቃም። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ የተዘለለውን ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ ማየት አይቻልም። ባክቴሪያው አስቀድሞ ተመርምሮ፣ ታክሞና መጥፋቱ ተረጋግጦ ወደ ቀዶ ሕክምናው ቢገባ ይመረጣል። በቤተሰብዎ የጨጓራ ካንሰር የታመመ ሰው ካለ ለሐኪሙ መንገር አይርሱ።

ደረጃ 4፦ የስኳር በሽታዎን ዕድሜና መጠን ያስረዱ

ሁለቱም ቀዶ ሕክምናዎች ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን በእጅጉ ያሻሽላሉ። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ 150 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠናቸው 6 በመቶና ከዚያ በታች የሆኑት በባይፓስ 29 በመቶ፣ በስሊቭ 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ግን 5 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። በሽታው በቅርብ የጀመረና ኢንሱሊን የማይወስድ ሰው የተሻለ ውጤት ያገኛል። ዓመታት ያስቆጠረና ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ቃር ባይኖርበትም ወደ ባይፓስ ቢያዘነብል ምክንያት አለው፤ ሆኖም በሽታው ከጠፋ በኋላም ሊመለስ ስለሚችል የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራው አይቋረጥም።

ደረጃ 5፦ ኪሎውን በራስዎ ቁጥር ያስሉ

ሐኪሞች ውጤትን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ «ከትርፍ ክብደት በመቶ» ነው፤ ይህም አድማጩን ያሳስታል። ከላይ የጠቀስናት 98 ኪሎ የምትመዝን ሴት ቢኤምአይዋ 25 እንዲሆን 68 ኪሎ መሆን ይኖርባታል፤ ትርፉም 30 ኪሎ ነው። በፊንላንዱ ጥናት ከዐሥር ዓመት በኋላ ከትርፉ የወረደው በስሊቭ 43.5 በመቶ፣ በባይፓስ 50.7 በመቶ ነበር። በእርሷ ላይ ሲሰላ 13 ኪሎ እና 15 ኪሎ ያህል ማለት ነው። በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች ከእርሷ የከበዱ ስለነበሩ ስሌቱ ግምት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለሁለት ኪሎ ልዩነት ሲባል ዕድሜ ልክ በቃር መሠቃየት ወይም ዕድሜ ልክ አንድን መድኃኒት መተው ተገቢ መሆን አለመሆኑን እንድትመዝን ያስችላታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚወርደው ክብደት ከዚህ የበለጠ መሆኑንና ቆይቶም በከፊል መመለሱን ማወቅ ኋላ ከሚመጣ ሐዘን ያድናል።

ደረጃ 6፦ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የእርግዝና ዕቅድዎን ይዘርዝሩ

ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለወገብ ዘወትር ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ሲጋራ ማቆም ያልቻለ ሰው፣ ከባይፓስ በኋላ በስፌቱ ላይ ቁስለት ሊወጣበት ስለሚችል ለእርሱ ስሊቭ የተሻለ ነው። የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከባይፓስ በኋላ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል፤ ክብደት ሲቀንስ ደግሞ የመፀነስ ዕድል በፍጥነት ይጨምራል። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን ማዘግየት ስለሚመከር ሌላ ዓይነት መቆጣጠሪያ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ደረጃ 7፦ ጾምዎንና ማዕድዎን አብረው ያቅዱ

ይህን ክፍል በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ መመሪያዎች በበቂ ሁኔታ አይነኩትም፤ እኛ ግን ልናልፈው አንችልም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። መቶ ግራም የበሰለ ምስር የሚይዘው 9 ግራም ገደማ በመሆኑ፣ በጾም ቀን ይህን በምስር ብቻ ለማሟላት ከስድስት መቶ ግራም በላይ መብላት ይጠይቃል፤ አዲሱ ጨጓራ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ጊዜ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ይቀበላል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ከዐቢይ ጾም አርቆ መቁረጥ፣ የመጀመሪያውንም ዓመት ጉዳይ ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምትሰጠው ፈቃድ አለና። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊሞች ደግሞ አስቸጋሪው ውኃው ነው፤ አዲሱ ጨጓራ ውኃን በጥቂት በጥቂቱ ካልሆነ ስለማይቀበል፣ የቀኑን ድርሻ በማፍጠሪያና በስሑር መካከል ባለችው አጭር ሌሊት ማሟላት ይከብዳል። ጠበልንም በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ከዚያ በኋላ አይቻልም።

በዓመት ውስጥ ረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚጾምና የዕለት ቫይታሚኑን ዘወትር እንደማይውጥ ራሱን የሚያውቅ ሰው፣ ሌላ የሚያስገድደው ነገር ከሌለ፣ ከባይፓስ ይልቅ ስሊቭን፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዱኦዲናል ስዊችን አለመምረጥን እንዲያስብ እመክራለሁ። ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም በባይፓስ ይበልጥ ይጎድላሉና። የብረት ኪኒን ከካልሲየም ኪኒን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ከቡናና ከሻይም ጋር አይሄድም፤ ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት ቤት ይህ የሰዓት ዕቅድ ይፈልጋል።

ከባይፓስ በኋላ ኬክና ለስላሳ መጠጥ ወዲያው አንጀት ስለሚገቡ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ያመጣሉ። አንዳንዱ ይህን ጣፋጭ ለመተው እንደ ረዳት ያየዋል። ጠጅና አረቄም ከቀድሞው ፈጥነውና በርትተው ያሰክራሉ፤ ቀድሞ በመጠጥ የተቸገረ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ሊናገር ይገባል።

ደረጃ 8፦ የት እንደሚሠራልዎ ሳይሆን ማን እንደሚከታተልዎ ይወስኑ

ከኢትዮጵያም ከባሕረ ሰላጤው አገሮችም ወደ ቱርክና ወደ ሕንድ ለዚህ ሕክምና የሚሄዱ ወገኖች አሉ። ጉዞው በራሱ ስሕተት አይደለም። የሚያሳስበኝ ግን ሰው በጥቂት ቀን ተመልሶ፣ ስፌቱ ሲያፈስ አጠገቡ የሚያውቀው ሐኪም አለመኖሩ ነው። የስፌት መክፈት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ሊከሠት ይችላል፤ ረጅም በረራም ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት ቀን በዚያው ከተማ እንደሚቆዩ ያስወስኑ፤ ሲመለሱም የሚቀበልዎትን ሐኪም ከመሄድዎ በፊት አግኝተው ያነጋግሩ። ሐኪም ካላገኙ ቀኑን ማዘግየት ይሻላል።

ይህ ከምርጫው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ባይፓስ ከተሠራ ከዓመታት በኋላም አንጀት በውስጥ ክፍተት ገብቶ ሊታነቅ ይችላል፤ ይህንን ለመለየት ሲቲ ስካንና ጉዳዩን የሚያውቅ ቀዶ ሐኪም በቅርብ ያስፈልጋል። ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ይህን አብሮ ይመዝን። ስሊቭ በቂ ካልሆነ ወይም ቃር ካመጣ ኋላ ወደ ባይፓስ መቀየር ስለሚቻል፣ ስሊቭን የመጀመሪያ እርምጃ አድርጎ መውሰዱ የሚያስቆጭ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ከመፈረምዎ በፊት

ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁ፦ እኔን የሚመስል ሰው ቢሆን የትኛውን ይመርጡ ነበር፣ ለምንስ? በዓመት ስንቱን ይሠራሉ? ችግር ቢፈጠር ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ማን ይከፍለዋል? መልሱ ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ብቻ የሚሠራ መሆኑን ካሳየ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት የሚታዘዘው ዝቅተኛ ካሎሪ ምግብ ጉበትን አሳንሶ ለሐኪሙ ሥፍራ የሚሰጥ ስለሆነ አያጓድሉት። ቤተሰብዎም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 ሲያልፍ፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የትከሻ ሕመም ሲመጣ፣ እንዲሁም ትውከቱ አልቆም ሲል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል እንዲወስድዎ ይንገሩ፤ የማያቋርጥ ትውከት ቫይታሚን ቢ1ን አሟጦ ነርቭን ስለሚጎዳ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት፣ የትኛው ዓይነት እንደተሠራና የአንጀቱ ርዝመት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተዘለለ የሚገልጸውን፣ ቅጂውን ይዘው ይውጡ፤ አንዱን ቤት ያስቀምጡ፣ አንዱንም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ።